ያለ መርፌ የሚያዋልድ ሐኪም

ወዳጆ በገዛ አውድማው ላይ አናቱን ተፈልጦ ሲገኝ ሚስቱ ትሕትና ነፍሰ ጡር ነበረች። ሰውየው ከሞላሌ ገበያ ጠጥቶ በተመለሰ ቁጥር ይደበድባት ስለነበር ያለቀሰለት ብዙ አልነበረም። ታናሽ ወንድሙ ማሙሽ ግን ደሙን ሊመልስ ማለ።

መጀመሪያ በድንበር የተጣላቸውን ጎረቤት አፈወርቅን ክንዱን ሰበረው። ግድያው በተፈጸመበት ቀን አፈወርቅ ዘመሮ ከተማ እንደዋለ ፖሊስ ሲያረጋግጥ ማሙሽ ፊቱን ወደ ትሕትና አዞረ።

ጎተራው ሥር አንገቷን ይዞ ሲያንቃት እናቱ ወይዘሮ ደብሪቱ ደረሱ። አልጮሁም። ዘነዘናውን አንስተው ትከሻው ላይ አሳረፉበት።

«ልቀቃት።»

«እሷ ታውቃለች እማዬ። ራሷ ካልገደለችው ያስገደለችው እሷ ናት።»

«የወንድምህን ልጅ ተሸክማለች። ትውለድና እንዳሻህ።»

ማሙሽ ትከሻውን እያሸ ተነሣ። «ይሁን። ምጡ ያናግራታል።»

በአገሩ ምጥ የጸናባት ሴት የሸሸገችውን እንድታወጣ ትጠየቃለች። እስክትናገር ድረስ ማሕፀኗ አይፈታም ይባላል። ማሙሽ በምጧ ቀን ከበሩ ላይ እንደማይጠፋ ተናግሮ ወጣ።

የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ ጽንሱ ስለገዘፈ ሆስፒታል እንድትወልድ አዛ ነበር። ወይዘሮ ደብሪቱ ሐኪሙን ራሳቸው ሊመርጡ ተነሡ። አውቶቡሱ ላይ አጠገባቸው የተቀመጠችው ሴት ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቀቻቸውና ስለ ሆስፒታል ወሬ ጀመረች።

«እህቴ አየለች ትርፍ አንጀቷን ኦፕራሲዮን ሆና ነበር። በመርፌው እንደናወዘች የማንን ስም ብትጠራ ጥሩ ነው? የጎረቤቷን ባል። የራሷ ባል እኮ ራስጌዋ ቆሟል።»

ተሳፋሪው ሳቀ።

«ከዚያስ?» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ።

«ከዚያማ ቁስሏ ሳይሽር ጥርሷን አረገፈው።»

ወይዘሮ ደብሪቱ አልሳቁም። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

በመጀመሪያው ሆስፒታል ያገኟቸው ሐኪም ትልቅ ሰው ነበሩ። «አይዞዎት፣ አትሰቃይም። ጥሩ ማስታገሻ መርፌ አለን» አሏቸው። ወይዘሮ ደብሪቱ አመስግነው ወጡ፤ ዳግመኛም አልተመለሱም።

በሌላው ሆስፒታል አትናቴዎስ የሚባል ወጣት ሐኪም ተቀበላቸው።

«ምጡን በመርፌ ታደነዝዛለህ ልጄ?»

«እናቲቱ ካልፈለገች አልወጋም። ብትፈልግ ትራመዳለች፣ ብትፈልግ ትንበረከካለች። የምትፈልገው ሰውም አጠገቧ ይቆማል።» ፈገግ አለ። «ሰው ሁሉ ማስታገሻ አለ ወይ ብሎ ነው የሚመጣው። እርስዎ ይቅር የሚሉ የመጀመሪያዬ ነዎት።»

«ኦፕራሲዮን ቢያስፈልግስ?»

«ከወገቧ በታች ብቻ ነው የሚደነዝዘው። ራሷን አትስትም።»

«እንግዲያው አንተን መርጫለሁ። ሚስትህ ታድላለች።»

«ገና አላገባሁም እማማ።»

«ምን ትጠብቃለህ ታዲያ?»

ማሙሽ ይህን ሲሰማ ሳቀ። «ያለ መርፌ? ጎሽ እማዬ። እኔ እንኳ እንዲህ አልጨክንም።» አገሩም ደብሪቱ የልጃቸውን ደም በምጥ ሊያስከፍሏት ነው አለ። ትሕትና ወሬው ሲደርሳት የገብስ ቆሎዋን መቆርጠም ቀጠለች።

ምጡ የመጣ ቀን ማሙሽ ጠመንጃውን ለሆስፒታሉ ጥበቃ አስረከበ። ጩቤውን ግን ከለበሰው የሱፍ ባና ሥር እንደያዘ የማዋለጃውን በር ተደግፎ ቆመ።

ትሕትና እስከ ቀትር አማጠች። ከቀትር በኋላ ድምፅዋ እንደምትታረድ በግ ሆነ። የአልጋውን ብረት ስትይዝ ጥፍሯ ተነቀለ። ነርሷ ፀጋ መርፌ ይዛ ስትጠጋ ወይዘሮ ደብሪቱ እጇን ጠምዝዘው ያዙ። መርፌው ወለሉ ላይ ወድቆ ተሰበረ።

«አይነካትም።»

«እማማ፣ ልጅቱን እኮ ሊገድሏት ነው።»

አትናቴዎስ ወይዘሮ ደብሪቱን ወደ ጎን ገፍቶ ጎንበስ አለ። «ትሕትና፣ የምጠይቀው አንቺን ነው። ልውጋሽ?»

ትሕትና አማቷን አየች።

«ይቅርብኝ።»

«እሳቸውን ፈርተሽ ነው?»

«ይቅርብኝ አልኩህ።»

«አይ የባል እናት» አለች ፀጋ፣ ስባሪውን እየለቀመች።

ከበሩ ውጭ ማሙሽ ጮኸ። «ማን ገደለው? ተናገሪና ይፈታልሽ።»

ትሕትና ከንፈሯን ነክሳ በላችው። ደሙ በአገጯ ወረደ። ማሙሽ በሩን በእግሩ ገንጥሎ፣ ጩቤውን መዝዞ ሲገባ አትናቴዎስ ፊቱ ቆመ። ማሙሽ በጡጫ አፍንጫውን መታው። ሐኪሙ ወደቀ፣ ተነሣና ወገቡን አቅፎ ያዘው። ጥበቃው ደርሶ የማሙሽን ጉልበት በዱላ ሲለው ጩቤው ከእጁ አመለጠ።

«ተናገሪ» አለ ማሙሽ፣ ከወለሉ ላይ።

«ማርያም» አለች ትሕትና። «ማርያም፣ ማርያም።»

ሕፃኗ በዚያ ትርምስ መካከል ተወለደች። ፀጋ ጠቅልላ አቀፈቻት።

ወይዘሮ ደብሪቱ ልጃቸው ላይ ቆሙ። «ምጧን እስከ መጨረሻው ሰምተሃል። የሸሸገችው ቢኖር ይፈታላት ነበር?»

ማሙሽ ሕፃኗን ለረጅም ጊዜ አየ። «አይፈታላትም ነበር» አለ። ጥበቃው እየጎተተ ሲያወጣው አልታገለም። ኮሪደሩ ላይ ሲያለቅስ ተሰማ።

አትናቴዎስም አፍንጫውን ሊታጠብ ወጣ። ፀጋ ሕፃኗን ልትመዝን ተከተለችው። በክፍሉ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ትሕትና ዐይኗን በግድ ገለጠች።

«እትዬ፣ ሳላውቀው ተናገርኩ?»

«አንዲት ቃል ከአፍሽ አልወጣችም» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ፣ ልጃቸውን በገደሉበት እጅ ላቧን እየጠረጉላት።