የማክሰኞ ጾም

«ጾም ነኝ» ይላል ጓድ ሀብተሥላሴ፣ እጁን ከኋላው አጣምሮ።

ዋጋነሽ ከጉልቻው ያወረደችውን የሽሮ ድስት በጨርቅ እንደያዘች ትቆማለች። እኔ ጎረቤቷ ጥሩብርሃን፣ እንጀራውን ዘርግቼ፣ አንዴ ድስቱን አንዴ የቀበሌያችንን ካድሬ አያለሁ። ቀኑ ማክሰኞ ነው። ሁዳዴ አልገባ፣ ፍልሰታ አልደረሰ። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ አስቀርቶ ስብሰባ የጠራን፣ «ሰማይ ላይ ማንም የለም» ያለንም ይኸው ሰው ነው። ታዲያ ማን አስጾመው?

«ጓድ፣ ሽሮው እኮ በዘይት ነው» እለዋለሁ።

«አመሰግናለሁ፣ ጠግቤያለሁ።»

«ጾመኛ ሲጠግብ ገና ዛሬ አየሁ!»

ዋጋነሽ አትስቅም። ቅድም እዚሁ ግቢ ቆሞ፣ «ሸክላ ሠሪን ቡዳ የሚል አድኃሪ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ ሸክላዎ በቀበሌው ሱቅ ይሸጣል» ሲላት እንባዋ መጥቶ ነበር። ኮልፌ ገበያ ዳር ፀሐይ ላይ ተቀምጣ፣ ጥበቃዎች መንገድ ዘጋሽ እያሉ ሸክላዋን በእርግጫ ሲሰብሩባት የኖረች ሴት ናት። ሽሮውን የጣደችው ለዚያ የምሥራች ነው።

ድስቱን መሬት ታስቀምጣለች።

«እሺ። ሱቁ ውስጥ የምቀመጠው የት ጋ ነው?»

«አይ እናቴ፣ ሻጭ መድበናል። እርስዎ በጓሮ በር ያስረክባሉ።»

«ለምን በጓሮ?»

«ዱቄትና ዘይት የሚታደልበት ቤት ነው። ሰፊው ሕዝብ ገና አልነቃም፤ እርስዎን እዚያ ካየ…» ጉሮሮውን ይጠርጋል።

«ሰፊው ሕዝብ ነው ወይስ አንተ?»

«እናቴ፣ ይጠንቀቁ።»

«ሚስትህ እሙ ለፋሲካ ዶሮዋን የሠራችው በማን ድስት ነው? ከዚህ ደጅ፣ ከእጄ አይደል የወሰደችው? እሱን ስትበላ ጾም አልነበርክም?»

ጓድ ሀብተሥላሴ ፊቱ ይጠቁራል። «ይሄ የፀረ ሕዝብ ንግግር ነው። እንግዲህ ሱቁንም ይርሱት» ብሎ ይወጣል።

ዋጋነሽ ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ፣ ጨርቁን ደርባ ድስቱን ታነሳለች።

«ጥሩዬ፣ እንጀራውን ያዥ። ከሸክላውም የቻልሽውን።»

«ወዴት ነው?»

ሱቁ ከቤቷ ፊት ለፊት ነው፤ መንገዱን ተሻግራ፣ በጓሮው ሳይሆን በፊት ለፊቱ በር፣ የዘይቱን ሰልፍ ሰንጥቃ ደረጃው ላይ ቁጭ ትላለች። ድስቱን እግሯ ሥር ታኖራለች። ሸክላዎቹን ግራና ቀኝ እደረድርላታለሁ።

«ያልጾመ ይምጣ!» ትላለች ጮክ ብላ።

ቤቱ አንድም የእሷ ሸክላ የሌለው ሰው ሰልፉ ላይ የቆመ አይመስለኝም፤ ሁሉም ግን ጫማውን ያያል። የሱቁ ጥበቃ ባጫ ጠመንጃውን አንግቶ ይመጣና ከፊቷ ይቆማል። ዋጋነሽ ቀና ብላም አታየው።

አጠገቧ እቀመጣለሁ። እንጀራ ቆርሼ አጠቅሳለሁ፤ ምላሴን ያቃጥለኛል። የባጫ እግር ለእርግጫ እንደሚነሳ ሁሉ ትንሽ ወደ ኋላ ይላል፣ እዚያው ይቀራል። ዓይኑ ድስቱ ላይ ነው።

ከእሳት ከወረደ ቆይቷል። ሽሮው ግን ገና ይንተከተካል።