አንድ ሜትር ከአሥር

«አይደለም» አሉ እማማ፣ ከኮምፒውተሩ ጋር የተያያዘውን ትልቅ መነጽር ከዓይናቸው ሳያነሱ። «ይሄ የኛ ቤት አይደለም።»

እኔና ጓደኛዬ፣ ክፍሉ ሁሉ «ኢንጂነሩ» የሚለው፣ ስምንት ወር ሙሉ ከትምህርት በኋላ እዚህ ኮምፒውተር ክፍል ተቀብረን፣ በመነጽሩ ሲያዩት ውስጡ የቆሙ እንዲመስል አድርገን የሠራነው ቤት ነው። ናዚዎች «አይሁድ ናችሁ» ብለው እስኪወስዷቸው ድረስ ጎረቤቴ እማማ ከእናታቸውና ከሁለት ወንድሞቻቸው ጋር የኖሩበት አንድ ክፍል። ከአራቱ መካከል ከሆሎኮስት የተረፉት እሳቸው ብቻ ናቸው። ፎቶ የሚባል የለም። አሁን ደግሞ ዓይናቸው እየደከመ ነው። «ጭራሽ ሳይጨልምብኝ አንዴ ባየው» ሲሉኝ፣ እኔ ጉደኛዋ አፌን ሞልቼ «ያዩታል» ብያቸዋለሁ።

«ምኑ ነው ያልሆነው፣ እማማ? ጠረጴዛው ነው?»

«ጠረጴዛው ይመስላል፤ መስኮቱም ይመስላል። ግን የኛ ቤት ሰፊ ነበር፣ ልጄ። ይሄማ ቁም ሳጥን ነው።»

«ልኩን ከማዘጋጃ ቤት መዝገብ ነው ያወጣነው» አለ ኢንጂነሩ፣ እንደ ተበደለ ሰው። «አንድ ሴንቲሜትር አልተዛነፈም።»

እውነቱን ለመናገር እኔም ተናድጄ ነበር። መዝገቡ ይዋሻል እንዴ? ልመልስላቸው ስል እጃቸውን አየሁ። የጠረጴዛውን ጠርዝ በአየር ላይ ይፈልጋሉ፤ የሚፈልጉት ግን ወገባቸው ጋ ሳይሆን አገጫቸው ጋ ነው።

«ቁመቱን ቀንሰው» አልኩት።

«የጣሪያውን?»

«የሚያየውን ሰው። አንድ ሜትር ከአሥር አድርገው። ያኔ ስድስት ዓመታቸው ነበር እኮ። እኛ ጅሎች በትልቅ ሰው ቁመት አቁመናቸው።»

እያጉረመረመ ቁጥሩን ለወጠው። እማማ የሚያዩትን እኛም በስክሪኑ እናያለን፤ ጠረጴዛው ከፍ አለ፣ መስኮቱ ወደ ላይ ሸሸ፣ ግድግዳዎቹ ረዘሙ።

እማማ ቀና ብለው ግድግዳዎቹን አንድ በአንድ ቃኙ። ፈራሁ።

«አዎ» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ቀጥኖ። «አዎ፣ ይኸው ምድጃችን። ይኸው በሩ።»

ወደ በሩ ዞሩ። ናዚዎቹ ሲወስዷቸው በዚያ በር ነው የወጡት፤ ነግረውኛል። ቀኝ እጃቸውን ከራሳቸው በላይ አነሡ። የሆነ ነገር የሚያሳዩን መስሎኝ ቀና ብዬ አየሁ፤ ምንም የለም። ትልቅ ሰው እጇን እንዲይዛት እንደምትፈልግ ልጅ፣ ጣቶቻቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ።

ቤቱ ውስጥ ሰው አላስገባንም። የእናታቸውን መልክ ከየት እናመጣዋለን ብለን ትተነው ነበር።

ኢንጂነሩ ወንበሩን ገፋልኝ። ጫማዬን አውልቄ ወጣሁበትና እጃቸውን ከላይ ያዝኩ።