ሁለት መንገድ መሪ ለአንድ መኪና

ሪያሰት አሊ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በባቡር ጣቢያ ኃላፊነት ሲሠራ፣ ባቡሩ ይዘገይ እንደሆነ እንጂ እሱ ዘግይቶ አያውቅም። በዚያ እሁድም ለልጁ ለሙደሲር ለሚስትነት የታሰበችውን ልጅ ለማየት ከፓኪስታኗ ከተማ ከጉጅራንዋላ ወደ ዳስካ ሲነሱ፣ ቤተሰቡን አንድ ሰዓት አስቀድሞ መኪናው ውስጥ ከተታቸው። ቀጠሮው አምስት ሰዓት ላይ ነው።

ልጅቷን ያገኘችው የሪያሰት ታላቅ እህት አፓ ሰኪና ናት። በዚያ ቤት አፓ ሰኪና ከወሰነች ወዲያ ሌላ ወሳኝ የለም። የልጅቷን አባት የሐጂ አስላምን ቤት ግን ከሦስቱ አንዳቸውም አያውቁትም። የሪያሰት ሚስት ሻጉፍታ ከሻርፗ ጫፍ የቋጠረችውን ወረቀት ፈትታ አድራሻውን አነበበችላቸው። ሙደሲር ስልኩ ካርታ ላይ ጻፈ። አባትየው ደግሞ መኪናው ላይ ተገጥሞ በመጣው የመንገድ መሪ ስክሪን ላይ በአንድ ጣቱ ፊደል እየፈለገ ጻፈ።

«አባጂ፣ ስልኩ ይበቃናል እኮ» አለ ሙደሲር መሪውን እንደያዘ።

«ስልክ የወሬ ነው። ይሄ ከመኪናው ጋር አብሮ የተሠራ ነው። መኪናው የት እንዳለ ከመኪናው በላይ ማን ያውቃል?»

«የዛሬ ስምንት ዓመት የት እንደነበረ ነው የሚያውቀው።»

«ሁለቱም የሚያደርሱት እዚያው ነው» አለች ሻጉፍታ ከኋላ፣ የጣፋጩን ካርቶን ጭኗ ላይ እንዳደረገች። «ብቻ ንዳ።»

ከተማውን ሳይለቁ ሁለቱ መሣሪያዎች ተጣሉ። አንዱ ወደ ቀኝ ሲል ሌላው ወደ ግራ ይላል። አባት ስላዘዘ በስክሪኑ ሄዱ። ስክሪኑ በቦዩ ዳር ወስዶ የተዘጋ ድልድይ ላይ አቆማቸው። ወደ አዲሱ አስፋልት ሲወጡ ደግሞ መኪናቸው በስንዴ ማሳ መሀል እንደምትሄድ ያሳይ ጀመር።

«አባጂ፣ አሁን እያረስን ነው» አለ ሙደሲር።

«ዝም ብለህ ንዳ!»

ቀጥሎ ተራው የስልኩ ሆነ። ስልኩ በገበያ ውስጥ አድርጎ ጠባብ መንደር ውስጥ ከተታቸው። መንገዱን ከዳር እስከ ዳር የሠርግ ድንኳን ዘግቶታል። ወደ ኋላ እየነዱ ሲወጡ የጎን መስታወቱ ግድግዳ ላይ ተፋቀ፤ ሪያሰት የራሱ ጉንጭ የተላጠ መሰለው። ስልኩም በፀሐዩ ግሎ ድርግም አለ።

ያኔ ሪያሰት ልጁን ተጠራጠረ። ባለፈው ወር «አሁን ማግባት አልፈልግም» ብሎ አኩርፎ አልነበር?

«ሆን ብለህ ነው አይደል? እንድንቀር ነው?»

«አባጂ በአላህ! በቦዩ ንዳ ያሉት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

አምስት ሰዓት አለፈ፤ ስድስትም አለፈ። አፓ ሰኪና ደወለች። ሪያሰት በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ በሰዓት ዋሸ። «ደርሰናል፣ በሩ ላይ ነን» አላት። ሐብሐብ ሻጭ አይቶ መኪናውን አስቆመ።

«ይሄን ሰውዬ ልጠይቀው።»

«ውይ፣ የሙደሲር አባት!» አለች ሻጉፍታ። «እርስዎን የሚያህል ሰው፣ ይሄን የመሰለ መኪና ይዘው፣ ሐብሐብ ሻጭ መንገድ ሊያሳይዎት?»

ሪያሰት መስኮቱን መልሶ ዘጋ። ሻጉፍታ ስልኩን ተቀብላ በጋዜጣ እያራገበች ነፍስ ዘራችበት።

ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ሁለቱ መሣሪያዎች በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማምተው በአንድ ድምፅ «ደርሰዋል» አሉ። አንድ ሸበቶ ሰው በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ «ግቡ፣ ግቡ! ምግቡ ቀዘቀዘ!» አለ።

ሻጉፍታ ወደ ሴቶቹ ገባች። ሪያሰት ይቅርታ እየጠየቀ በላ። ከምግብ በኋላ አምበሪን የምትባለው የቤቱ ልጅ ሻይ ይዛ መጣች። ሪያሰት ገና ስለ መሣሪያዎቹ እያማረረ ነበር።

«በየት መጣችሁ?» አለችው።

«በቦዩ።»

«ያ ድልድይ ከተዘጋ ሦስት ዓመቱ! ሠላሳ ዓመት ባቡር ሲያሰማሩ የኖሩ ሰው፣ ሐዲዱን ይዘው አይመጡም?»

ሪያሰት አፍጥጦ አያት፤ ከዚያ ከት ብሎ ሳቀ። ከጠዋት ጀምሮ ያልሳቀውን ሳቀ። ሙደሲር ስልኩን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ዳግም አላነሳውም። ሪያሰት በሆዱ እህቱን መረቀ።

የመረቃት እህቱ ያኔውኑ ደወለች።

«ሪያሰት! የት ነው የገባኸው? ሐጂ አስላም ከአምስት ሰዓት ጀምሮ በር ላይ ቆሟል! በሰው ፊት አዋረድከኝ!»

ሪያሰት ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ሰው ቀስ ብሎ አየ።

«ጌታዬ... ሐጂ አስላም አይደሉም?»

«ኧረ እኔ ቱፈይል ነኝ። ሐጂ አስላም ከባቡር ማቋረጫው ማዶ ናቸው» አለ ሰውዬው፣ ምንም ሳይደነግጥ። «እንግዳ የአላህ ነው፤ ሻይዎን ይጠጡ።»

ሪያሰት ከወንበሩ ተፈናጥሮ ተነሳ። የሌላ ሰው ምሳ በልቷል! ወርቅ የመሰለች ልጅ በስህተት አግኝቶ፣ አሁን በስህተት ሊያጣት ነው።

«ያንተ ስልክ!» ብሎ ልጁ ላይ ጮኸ።

«የእርስዎ ስክሪን!» አለ ልጁም፣ ከተቀመጠበት ንቅንቅ ሳይል።

ሪያሰት እየተብከነከነ ሚስቱን ሊጠራ ወደ ጓዳ አመራ። መጋረጃውን ሊገልጥ እጁን ሲዘረጋ የቤቱን እመቤት ሳቅ ሰማ።

«ሻጉፍታ፣ ባለፈው ብቻሽን በአውቶቡስ መጥተሽ አድራሻችንን የጻፍሽ ጊዜ እኮ ይሄን ያህል አልዘገየሽም ነበር!»