ፍሬን የረገጠው እግር

ሰልፈኛ እንዳይሻገር በተዘጋው፣ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ባሕሪ ወደሚባል ከተማ በሚያሻግረው ድልድይ አፍ ላይ ወታደሩ ክላሹን በመኪናዋ መስኮት አስገባ። «እጅ ወደ ላይ! ውረድ፣ ያላ!»

መሪውን የያዘው ጥላዬ እጆቹን አነሳ፤ ቀኝ እግሩን ግን ከፍሬኑ ማንሳት ፈራ። አሠሪው ይህችን መኪና የገዙት በቤንዚን ወረፋ ተማርረው ነበር፤ ነዳጅ እንድትቆጥብ ስትቆም ሞተሯ በራሱ ይጠፋል፣ እግር ከፍሬን ሲነሳ ደግሞ በራሱ ይነሳል። አሁን ሞተሩ ከተነሳ ወታደሩ ሊያመልጥ ነው ብሎ ይተኩሳል። «ስድስት ኤርባግ አላት፣ አትስጋ» ብለውት ነበር አሠሪው። ለጥይት የሚሆን ግን አንድም የላትም።

«ውረድ አልኩህ!»

የሚያውቃት ዐረብኛ ሁሉ ብን ብላ ጠፋች፤ አፉ ላይ የቀረው ቀን ሥራ ላይ ሲያንቀላፋ ባየው ቁጥር ፎርማኑ የሚጮህበት ቃል ብቻ ነበር።

«ሞተር... ናይም!» አለ፤ ሞተሩ ተኝቷል ማለቱ ነው። በአገጩ ወደ እግሩ አመለከተ። «እግር ተነሳ፣ ሞተር ነቃ!» ሲል የቀረውን በአማርኛ ጨመረ።

ወታደሩ ጎንበስ ብሎ ፍሬን የረገጠውን እግር አየ፤ ከዚያ ደም የመሰሉ ዓይኖቹን ወደ ጥላዬ መለሰ። የክላሹ አፈሙዝ ቀስ ብሎ ከመስኮቱ ወጣ።

«ታድሎ!» አለ። «እኔ ከተኛሁ አራት ቀኔ።»