የግድግዳው መልስ

ከግድግዳው ማዶ ኳ ኳ ሲል የልብስ ሰፊዋ እጅ እንደ ልማዱ ወደ መቀሱ ሄደ። ጠዋት ጠዋት አከራይዋ አሮጊት በከዘራቸው ያንኳኳሉ፤ እሷ በመቀሱ እጀታ ሁለቴ ትመልሳለች። ደህና አደርሽ፣ ደህና አደሩ መባባላቸው ነው። ዛሬ ግን የአሮጊቷ ልጅ በሩ ላይ ተገትሮ ነበር፤ እናቱ ሳይሰሙ ኪራዩን እጥፍ አድርጎ፣ ካልከፈልሽ ውጪ ያላት ቀን ደርሷል። ፍራሿ ተጠቅልሎ በገመድ ታስሯል።

መቀሱን መልሳ አስቀመጠችው። "ከእንግዲህ ለእማማ አንተ መልስላቸው።"

"እሱ ምን ይከብዳል!" አለና ግድግዳውን በቡጢው ሁለቴ ደለቀው። ቀጥሎ ከዘራው ኮሪደሩን እያንቋቋ መጣ፤ አሮጊቷ በሌሊት ልብሳቸው፣ ቁና ቁና እየተነፈሱ በሩን በረገዱት።

"ማነው የመታው? ይሄ የልጄ እጅ አይደለም!"

"እማዬ፣ እኔ ነኛ! ልጅሽ!"

"አንተን ማን አለህ!" ልብስ ሰፊዋ በደህና መቆሟን ሲያዩ እፎይ አሉ። ከዚያ የታሰረውን ፍራሽ አዩ። ነገሩ ገባቸው፤ ሄደው ላዩ ላይ ዘፍ አሉበት። "ቤቱ የማን ነው?"

"ያንቺ ነው፤ ግን ገበያው…"

"ገበያው ደህና አድሬ እንደሆነ ይጠይቀኛል? ኪራዩ ባለበት ነው። በል፣ ይሄን ገመድ ፍታ!"

ተንበርክኮ ፈታው። አሮጊቷ ክፍላቸው ገብተው እንደገና ኳ ኳ አደረጉ። ልብስ ሰፊዋም መቀሱን አንስታ፣ የግድግዳው ቀለም እስኪረግፍ ሁለቴ መለሰችና አንድ ጨመረችላቸው። በዚያ ቤት ያን ቀን የጨመረው ያ አንድ ኳ ብቻ ነበር።