ሰባት ሰከንድ

ቪዲዮ አንሺው ለሥራ ማመልከቻ ያዘጋጀውን የሦስት ደቂቃ ናሙና አንጋፋው የፊልም አዘጋጅ ጋሽ ንጋቱ እንዲያዩለት ይዞ ሄደ። አይተው ሲጨርሱ ቪዲዮውን ወደ አንድ ቦታ መለሱት። አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው የሙሽራ ልጃቸውን ጫማ በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ።

"ከላይ በድሮን የተነሳውን ቀንስ፤ ሁሉም የሚያነሳው ነው" አሉት። "ይህቺ ግን ታስቀጥርሃለች። ሙሽራዋ ስታያት ምን አለች?"

"በጣም ወደደቻት" አለ።

ሙሽራዋ ምንትዋብ አላየቻትም። ከሦስት ዓመት በፊት የእሷን ሠርግ ከካሜራው ካርድ ላይ ሙሉውን ወደ ኮምፒውተር ሳይገለብጥ በላዩ ሌላ ሠርግ ቀረጸበት። የተረፈችው ለራሱ ናሙና ቀድሞ የገለበጣት ይህች ሰባት ሰከንድ ብቻ ነበረች። ጥፋቱ እንዳይታወቅበት ፈርቶ "ካርዱ ተበላሽቷል፤ ምንም አልተረፈም" አላት። በዓመቱ አባቷ ሲሞቱ ለቅሶ ደርሶ፣ አጠገቧ ተቀምጦ፣ ስለተረፈችው ሰባት ሰከንድ ሳይነግራት ወጣ።

ከጋሽ ንጋቱ ቢሮ እንደወጣ በረንዳው ላይ ቆሞ ደወለላት። ከምን እንደሚጀምር ገና እያሰበ ሳለ ስልኩን አነሳችው።

"ቪዲዮው ተገኘ እንዴ?" አለችው፣ ሰላም እንኳን ሳትለው።