የሐናን ምሳሌ

የሐናን አባት ሐጂ ሳሊህ፣ «በገበያ ቀን ከትምህርት ቀርቼ ሱቅ ላግዝ ያለችው ራሷ ናት» ይላሉ፤ ሐናን ግን አንድም ቀን አላልኩም ባይ ናት። አንድ የገበያ ቀንም ሞጣ ገበያ ካለው የጨርቅ ሱቃቸው ወጥተው፣ የጨርቅ መለኪያ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ሊወስዷት የመማሪያ ክፍሏ በር ላይ ቆሙ።

ከቢቸና የመጣው የእንግሊዝኛ መምህር፣ «‹ከት ዳውን ኦን› ማለት የበዛ ነገር መቀነስ ነው፤ ስኳር፣ ሲጋራ፣ የእናንተንም ወሬ!» ሲል ተማሪው ሳቀ።

«ነይ እንጂ ልጄ፣ ገበያተኛው ቆሟል» አሉ አባቷ።

«አንድ ምሳሌ ሰጥታን ትሂድ፣ ሐጂ» አለ መምህሩ።

ሐናን ትከሻዋ ላይ ያንጠለጠለችውን ቦርሳ አውርዳ ዴስኩ ውስጥ መልሳ ከተተችው። ከዚያ አባቷ እንዲገባቸው በአማርኛ ተናገረች።

«አባ፣ እኔ የምቀንሰው ሱቁን ነው። ከእንግዲህ የምመጣው ከክፍል ስወጣ ብቻ ነው።»